ኳሷ ከሄደች በኋላ የሚሰማው ጩኸት

በጎልፍ ጨዋታ ኳሷን ውኃ ውስጥ የከተተ ተጫዋች አንድ ምት ይቀጣል። ከሜዳው ወሰን ያስወጣትም እንዲሁ አንድ ምት ተቀጥቶ፣ ወደ ነበረበት ተመልሶ እንደ አዲስ ይመታል። ሳያስበው ሰው ላይ ያሳረፋት ግን ምንም አይቀጣም። የጨዋታው ደንብ 11.1 እንደሚለው፣ በመንገድ ላይ ያለች ኳስ በአጋጣሚ ሰው ብትመታ ተጫዋቹ እሷ ካረፈችበት ቦታ ይቀጥላል። ደንቡን በጭካኔ መክሰስ አይገባም፤ የተጻፈው ምት ለመቁጠር ስለሆነ፣ ዛፍም ሆነ ሰው ለእርሱ ኳሷን አቅጣጫ ያስቀየረ ነገር ብቻ ነው። የሰውን ዓይንና ጭንቅላት የመጠበቁ ሥራ የተተወው ለተጫዋቹ ጨዋነት ነው፤ ጨዋነቱም በብዙ ሜዳዎች በአንዲት ጩኸት ተጠቃሏል፦ «ፎር!»። ኳሱ ወደ ሰው ስታመራ ያየ ተጫዋች ይህችን ቃል በኃይል ይጮኻል፤ የሰማም ራሱን ይሸፍናል። ጩኸቱ አይጠቅምም የሚል ሰው የለም። ችግሩ የመጨረሻው መከላከያ ሆኖ ሳለ እንደ መጀመሪያው መቆጠሩ ነው። በጎልፍ ሜዳ ሰው የሚድነውም የሚጎዳውም በአብዛኛው ዱላው ከመወዛወዙ በፊት በሚደረገውና በሚቀረው ነገር ነው፤ ኃላፊነቱም ጎንበስ ብሎ ከሚሸሸው ይልቅ በሚመታውና ሜዳውን ባሰናዳው ላይ ይከብዳል።

ጨዋታውን በቴሌቪዥን ብቻ ለሚያውቅ ሰው ሜዳው አንድ ሰፊ ሣር ይመስለዋል። በእውነቱ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው መነሻና ጉድጓድ ያላቸው 9 ወይም 18 መስመሮች ጎን ለጎን የተሰደሩበት ቦታ ነው። አንዱ ቡድን ወደ ምሥራቅ ሲመታ፣ አጠገቡ ያለው ወደ ምዕራብ እየመጣ ሊሆን ይችላል። በመካከላቸው የምትበረው ኳስ ክብደቷ ቢበዛ 45.93 ግራም፣ ዲያሜትሯም ቢያንስ 42.67 ሚሊ ሜትር ነው። ከፕሮፌሽናል ተጫዋች ረጅም ዱላ ስትነሣ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ትከንፋለች፤ ተራው ተጫዋችም ቢሆን 200ን ማለፉ አያስገርምም። አየሩ እያዘገማት ብትሄድም፣ መሬት ስትደርስ ገና በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት አላት። ከሁሉ የከፋው መጠኗ ነው። የዓይን ጉድጓድ አፉ ወደ 40 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። የእግር ኳስን የመሰለ ትልቅ ነገር ፊት ሲመታ የቅንድብና የጉንጭ አጥንት አብዛኛውን ኃይል ይቀበላሉ። የጎልፍ ኳስ ግን መጠኗ ከጉድጓዱ ጋር ስለሚቀራረብና ጠንካራም ስለሆነች፣ ኃይሏን የምታሳርፈው ራሱ ዓይኑ ላይ ነው። በጎልፍ ኳስ የተመታ ዓይን ብዙ ጊዜ ከመዳን ይልቅ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

የምትስትበት አቅጣጫም ቢሆን እንዲያው ዕጣ አይደለም። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ጀማሪ የዱላውን ፊት ከፈት አድርጎ ስለሚመታ፣ ኳሱ በአብዛኛው ቀጥ ብላ ትጀምርና ኋላ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። 15 ዲግሪ ብቻ የሳተች ኳስ 200 ሜትር ርቃ ስታርፍ ከታለመላት መስመር 50 ሜትር ያህል ወጥታለች፤ ያ ደግሞ በብዙ ሜዳዎች ጎረቤት መስመር ላይ ያሉት ሰዎች የሚቆሙበት ቦታ ነው። እንግዲህ አደጋው የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ መገመት ይቻላል ማለት ነው። መገመት የሚቻልን ነገር ደግሞ «አጋጣሚ ነው» ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ጩኸቱን በዚህ መለኪያ እንየው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከኳሷ ይቀድማል። 150 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ድምፁ በግማሽ ሰከንድ ይደርሰዋል፣ ኳሷ ግን 3 ወይም 4 ሰከንድ ይፈጅባታል። ይህ በወረቀት ላይ ሰፊ ጊዜ ይመስላል። ነገር ግን ኳሷ መታጠፍ የምትጀምረው ከተነሣች በኋላ ነው፤ መቺው መሳቷን አይቶ፣ ደንግጦ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ እስኪጮኽ ድረስ ከዚያው ላይ እየተቀነሰ ይሄዳል። ሰሚው ደግሞ ጩኸቱ ለእርሱ ይሁን ለሌላ፣ ከየት ይምጣ አያውቅም፤ ነፋሱ ወደ ኋላ ከወሰደው ጭራሽ ላይሰማው ይችላል። የሰው ተፈጥሮም አያግዝም። ስሙ የተጠራ ያህል ቀና ብሎ ወደ ድምፁ ይዞራል፤ ያኔ የሚያቀርበው ፊቱን ነው። ስለዚህ «ፎር» የሚል የሰማ ሰው ኳሷን መፈለግ የለበትም፦ ጀርባውን ወደ ድምፁ ይስጥ፣ ይጎንበስ፣ ጭንቅላቱንና ማጅራቱን በሁለት እጁ ይሸፍን፣ ዛፍ ወይም የዱላ ቦርሳ አጠገቡ ካለ ከኋላው ይጠለል። ይህን መማር የግድ ነው። ቢሆንም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ተረት ሙሉ በሙሉ ከዚህ ጩኸት አይርቅም።

ከኤድንበራ በስተ ምዕራብ በሚገኘው የኒድሪ ካስል ጎልፍ ክለብ እ.ኤ.አ. በ2007 የደረሰው አደጋ ነገሩን በሚገባ ያሳያል። አንድ ብዙ ልምድ የሌለው ተጫዋች ከ6ኛው ጉድጓድ ወደ 7ኛው መነሻ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ከ18ኛው መነሻ ሌላ ተጫዋች መታ፤ ኳሷ ሳተች፤ ጩኸት ተሰማ፤ ሰውየውም እንደተባለው ጎንበስ አለ። ግን ኳሷ ዓይኑን አገኘችው፣ ዓይኑም ጠፋ። ልማዱ የሚጠይቀው ሁሉ ተደርጓል፤ ጮኸዋል፣ ጎንብሷል። ጉዳዩ ወደ ስኮትላንድ ፍርድ ቤት ሲደርስ በ2011 ዳኛው መቺውን 70 በመቶ፣ ክለቡን 30 በመቶ ተጠያቂ አደረጉ። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ግን በ2013 ሚዛኑን ገለበጠው፦ መቺው 20፣ ክለቡ 80። ምክንያቱም ክለቡ የ18ኛው መነሻ ኳሶች ሰው ወደሚመላለስበት መንገድ ሊመጡ እንደሚችሉ እያወቀ የማስጠንቀቂያ ምልክት አላቆመም። በእኔ ግምት ይህ ፍርድ ስለ ጎልፍ ደህንነት ከተጻፈው ብዙ ምክር ይልቃል። መቺውን ከኃላፊነት አላወጣም፤ ነገር ግን ከአደጋው ትልቁ ድርሻ ሰውየው ያን ዕለት ጠዋት አልጋው ላይ ሳለ፣ በሜዳው አቀማመጥ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው እንደነበር ተናግሯል።

«ይህ የጀማሪዎች ጣጣ ነው» የሚል ቢኖር፣ በ2018 ፓሪስ አጠገብ በተደረገው የራይደር ካፕ ውድድር የሆነውን ይመልከት። በጊዜው በዓለም ላይ ከነበሩት ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ብሩክስ ኬፕካ ከ6ኛው መነሻ የመታት ኳስ ተመልካቾች መሐል ገብታ የአንዲት ሴት ቀኝ ዓይን አጠፋች። አዘጋጆቹ ጩኸቱ ተሰምቷል አሉ፤ ተጎጂዋ ኃላፊዎቹ አላስጠነቀቁንም አለች። ማን ትክክል እንደሆነ መፍረዱን ትተን፣ በብዙ ሺህ ሕዝብ ግርግር መካከል የአንድ ቃል መሰማት አለመሰማት ላይ የሰው ብርሃን መንጠልጠሉ ብቻውን በቂ ክስ ነው። በ1995 ካሊፎርኒያ ውስጥ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ክሊንተን ከቀድሞዎቹ ፕሬዚዳንቶች ከትልቁ ቡሽና ከፎርድ ጋር ሲጫወቱ ሁለቱ የቀድሞ መሪዎች ተመልካቾችን መትተዋል፤ የቡሽ ኳስ ዛፍ ነክታ ነበር የተመለሰችው። በዙሪያቸው ከተሰለፈው የጥበቃ ኃይል አንዱም ያቺን ኳስ ሊያስቆማት አልቻለም።

ታዲያ ከምቱ በፊት ምን ይደረጋል? የመጀመሪያው መጠበቅ ነው፤ ከፊት ያለው ቡድን ከሚደርሱበት ርቀት ሳይወጣ አለመምታት። ቀላል ቢመስልም ተጫዋቾች የሚሳሳቱት የራሳቸውን ርቀት በተለመደው ምታቸው ስለሚለኩ ነው፤ አደገኛዋ ኳስ ግን በዓመት አንዴ አምራ የምትመታው ናት። እዚህ ላይ የእኛ አገር የራሷ ጉዳይ አላት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሯ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ከተማ ጨዋታውን የለመደ እንግዳ አሮጌ ኤርፖርት አካባቢ ባለው ጎልፍ ሜዳ ሲመታ ኳሱ 10 በመቶ ገደማ ትርቅለታለች። ዱባይ ላይ 200 ሜትር «ከደረስኩበት በላይ ነው» ያለ ሰው እዚህ 220 ማለት አለበት። ሁለተኛው የመቆሚያ ቦታ ነው፤ ባልደረባ ሲመታ ከኳሷ ፊት ለፊትም ሆነ ቀደም ብሎ በጎን መቆም አይገባም፣ ከኋላዋና መቺው በሚያየው ቦታ እንጂ። ኮረብታ እይታን በሚጋርድበት ሜዳ ደግሞ የብሪታንያ ክለቦች የቆየ ዘዴ አላቸው፦ ከፊት ያለው ቡድን ሲወጣ ደወል ይደውላል፣ ደወሉ ሳይሰማ ማንም አይመታም። በስኮትላንድ ኢሊ የተባለው ክለብ እንዲያውም ከኤክስካሊበር ባሕር ሰርጓጅ መርከብ የተወሰደ ፔሪስኮፕ በመጀመሪያው መነሻ ላይ ተክሎ ከኮረብታው ማዶ ያለውን ያይበታል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የስኮትላንዷ የሴንት አንድሩስ ከተማ ልማድ ነው። የዓለም ጎልፍ መዲና የሚባለው የኦልድ ኮርስ ሜዳ በ1ኛውና በ18ኛው መስመር ላይ የሕዝብ መንገድ ያቋርጠዋል፤ ሰው እያለፈ ተጫዋቹ ይጠብቃል። እሑድ እሑድ ደግሞ፣ ልዩ ውድድር ካልኖረ በቀር፣ ጨዋታ ተዘግቶ የከተማው ሕዝብ ይንሸራሸርበታል። እግረኛና ኳስ በቦታ መለየት ካልተቻለ በጊዜ ይለያያሉ።

ሁለት ተቃውሞዎች ሊሰሙ ይገባቸዋል። አንደኛው «አደጋው እጅግ ብርቅ ነው» የሚለው ነው፤ እውነትም አብዛኛው ጨዋታ ማንም ሳይመታ ያልቃል። የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በ1951 ይህን ክርክር ተቀብሏል፦ ከክሪኬት ሜዳ ወጥታ አንዲት ሴት የመታች ኳስ ጉዳይ ላይ፣ በ30 ዓመት ገደማ 6 ጊዜ ብቻ ኳስ ከሜዳው መውጣቱን አይቶ ክለቡን ነጻ አውጥቷል። ግን ያው አገር በ1922 በጎልፍ ጉዳይ ሌላ ፈርዷል። በኬንት አውራጃ ታክሲ እየነዳ ያልፍ የነበረ ሰው ከ13ኛው መነሻ የሳተች ኳስ የፊት መስታወቱን ሰብራ ዓይኑን አሳጣችው፤ ኳሶች ወደዚያ መንገድ መውጣታቸው የተለመደ ስለነበር ክለቡም መቺውም ተጠያቂ ሆኑ። ብርቅነት መከራከሪያ የሚሆነው በእርግጥ ብርቅ ሲሆን ብቻ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ «ሜዳ የገባ አደጋውን ተቀብሎ ነው» ይላል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 ወደዚህ ያዘነበለ ውሳኔ ሰጥቷል፦ የሳተ ምት የጨዋታው አካል ስለሆነ፣ አብሮ ተጫዋቹን የመታ ሰው የሚጠየቀው ሆን ብሎ ወይም በግድየለሽነት ከሆነ ብቻ ነው። ለተጫዋቾች ይህ ሚዛናዊ ነው። ነገር ግን ባልደረባው ከፊት እንዳለ እያወቀ የመታ ሰው ግድየለሽ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ያው ፍርድ ቤት ክፍት ትቶታል፤ በዚያ መንገድ ስንሄድ ጥያቄው ተመልሶ ከምቱ በፊት ወደነበረው ጥንቃቄ ይመጣል።

አጥርና መረብ የሜዳውን ውበት ያበላሻል የሚሉም አሉ። ሁልጊዜ አጥር አያስፈልግም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ኪንግስተን ከተማ፣ ከ15ኛው መስመር አጠገብ ቤት የገዛ አንድ ቤተሰብ በጥቂት ዓመታት ከ600 በላይ ኳሶች ቤቱንና ግቢውን መትተውበት ክለቡን ከሰሰ። በ2021 ዳኝነት የተቀመጡ ዜጎች 3.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱለት፤ የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2022 ለእነርሱ የተሰጠው የሕግ ማብራሪያ ጉድለት ነበረበት ብሎ ውሳኔውን ሻረ። የገንዘቡ ነገር እንዲህ ሲንገላታ፣ ክለቡ የመነሻውን ቦታ ቀይሮ የምቱን አቅጣጫ አዞረው፤ ኳሱም ቆመ። በዚያው አገር በጎልፍ ሜዳ ዳር ቤት ለመግዛት የሚያስብ ወገናችን ከሣሩ ልምላሜ በፊት ሊያየው የሚገባው መነሻው የት እንዳለና ቤቱ በቀኝ ወይስ በግራ መሆኑን ነው፤ የሽያጩ ውል ውስጥም ለኳስ መግባት የተሰጠ መብት ይኑር አይኑር ያንብብ።

«ተቀብሎ ነው የገባው» የሚለው ክርክር ፈጽሞ የማይደርሳቸው ሌሎች ሰዎች አሉ፤ ሣር የሚያጭዱት፣ ውኃ የሚያጠጡት፣ ዱላ ተሸክመው የሚከተሉት ካዲዎች። ተጫዋቹ ለደስታው የሚገባበትን ሜዳ እነርሱ ለእንጀራቸው ቀኑን ሙሉ ይውሉበታል፤ ካዲው ደግሞ ኳስ የት እንደወደቀ እንዲያይ ብዙ ጊዜ ከፊት ይላካል። ሠራተኛ ከፊት ካለ፣ ቀና ብሎ አይቶ በእጁ እስኪያሳልፍ ድረስ ተጫዋቹ አይመታም፤ ከፊት የሚላክ ካዲም በሜዳው መካከል ሳይሆን ከዛፍ ወይም ከመከለያ ጀርባ ይቆማል። የሣሩ ሥራ የመጀመሪያው ቡድን ከመነሣቱ በፊት በማለዳ ቢጀመር ደግሞ ሠራተኛውና ኳሷ የሚገናኙበት ሰዓት ራሱ ያጥራል። ከ2019 ጀምሮ የጨዋታው ደንብ ክለቦች የራሳቸውን የሥነ ምግባር መመሪያ አውጥተው ጥሰቱን በምት እንዲቀጡ ስለፈቀደ፣ ሠራተኛ ሳያሳልፈው የመታ ተጫዋች ሁለት ምት ይቀጣል ብሎ መለጠፍ የክለቡ ኮሚቴ ሥልጣን ነው።