ለትምህርት ቤት የአትክልት ስፍራ ድጋፍ ከመጠየቃችን በፊት

አባታችን አዳም በገነት የተሰጠው ሥራ ማበጀትና መጠበቅ እንደ ነበር (ዘፍ. 2፥15) ለሕፃናት በቃል እናስተምራለን። ይህንኑ በግቢያቸው ባለች ጥቂት መሬት በተግባር ለማሳየት የሚነሡ፣ በአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች በቅድሚያ የሚጠይቁት “ገንዘቡን ማን ይሰጠናል?” የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የሚቀድመው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም “የተተከለውን ማን፣ በየትኛው ወር፣ በምን ውኃ ያጠጣዋል?” የሚለው ነው።

እንደሚታወቀው የትምህርት ዘመን የሚጀምረው በመስከረም ነው። ችግኝ የሚተከለው ግን በአብዛኛው የሀገራችን ክፍል በክረምት፣ ተማሪዎች ለዕረፍት በተበተኑበት ወቅት ነው (በበልግ አብቃይ አካባቢዎች ሁኔታው የተለየ ነው)። ልጆቹ ሲመለሱ ዝናቡ ወደ ማብቂያው ይቃረባል፤ ዋናው የትምህርት ጊዜ በረጅሙ የበጋ ወራት ላይ ይውላል። ስለዚህ የችግኝ ዋጋ ብቻ የሚጠይቅ ዕቅድ ልጆቹን ከደረቀ መደብ ጋር ያገናኛቸዋል። በሐምሌ በፎቶግራፍ ፊት የተተከለውን ችግኝ በጥር ደርቆ ያገኘ ሕፃን የሚማረው ተከላ ለሥነ ሥርዓት ብቻ መሆኑን ነው፤ ይህም በእኛ አመለካከት ፈጽሞ ካለመትከል ይከፋል። በመሆኑም የበጀቱን ትልቁን ድርሻ ውኃ ሊይዝ ይገባል፤ የጣሪያ ውኃ የሚቀበል አሸንዳ፣ ታንከር፣ የመስኖ ቧንቧ። ቀጥሎ ከብትና ፍየል የሚከለክል አጥር ይመጣል። ውኃ ካለ ቆስጣና ሰላጣ በጥቅምት ተዘርተው ተማሪዎቹ እያዩአቸው ይደርሳሉ።

ድጋፍ ከሚገኝባቸው መንገዶች አንዱ ግሎባል ኢንቫይሮመንት ፋሲሊቲ የተባለው ተቋም፣ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም አማካይነት የሚያካሂደው የአነስተኛ ድጋፎች ፕሮግራም ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ይህ ፕሮግራም ገንዘቡን በቀጥታ ለማኅበረሰብ ድርጅቶችና ለሲቪል ማኅበራት የሚሰጥ ሲሆን፣ የአንድ ፕሮጀክት ድጋፍ ጣሪያ ለረጅም ዘመን 50,000 የአሜሪካ ዶላር ሆኖ ቆይቷል። ዓላማው ብዝኃ ሕይወትን መጠበቅና የመሬት መራቆትን መከላከል በመሆኑ፣ ጎመን ብቻ ከሚያለማ ትምህርት ቤት ይልቅ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ አፍልቶ ለአካባቢው የሚያከፋፍል ትምህርት ቤት ለዚህ ፕሮግራም ይቀርባል። ዘሩም ከጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ይገኛል። የጃፓን ኤምባሲ ለማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች የሚሰጠው ድጋፍ ደግሞ ለግንባታና ለመሣሪያ እንጂ ለደመወዝና ለመደበኛ ወጪ አይውልም፤ የውኃ ጕድጓድ ለሚያስፈልገው ሊታሰብ ይችላል፤ የአትክልተኛውን ደመወዝ ግን ሰበካ ጉባኤው ራሱ ሊችል ይገባዋል።

ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው ጉዳይ ማመልከቻው በማን ስም እንደሚቀርብ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም፤ ስለዚህ አንድ አጥቢያ በዚህ አዋጅ የተሰጠ የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሲጠየቅ የሚያቀርበው አይኖረውም። በ1964 ዓ.ም የተቋቋመው የቤተ ክርስቲያናችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ከውጭ ለጋሾች ጋር የመሥራት የረጅም ዘመን ልምድ ስላለው፣ በሀገረ ስብከት በኩል አስቀድሞ እርሱን ማማከር ይበጃል። ገንዘቡን “ለጊዜው” በአንድ ግለሰብ ሒሳብ ማስገባት ግን፣ ግለሰቡ ምንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ አይገባም። ብዙ ለጋሾች ለአምልኮ ተግባር ገንዘብ ስለማይሰጡም ተጠቃሚዎቹ የአካባቢው ልጆች ሁሉ መሆናቸውን፣ ገንዘቡም ወደ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሥራ እንደማይዞር በግልጥ መጻፍና በዚያው መጽናት ያስፈልጋል።

አመልካቹ ከራሱ የሚያዋጣው ምን እንደ ሆነም ይጠየቃል። ድሆች ነን ብሎ ባዶ መተው ስሕተት ነው፤ መሬቱ፣ የወላጆች የጉልበት ቀናት፣ ድንጋዩ፣ ፍግና ኮምፖስቱ በገበያ ዋጋ ተተምነው ይጻፋሉ። የጊዜውም ነገር እንዲሁ ሊታሰብ ይገባል። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ሲጀምር የጃፓን መንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው መጋቢት 23 ነው፤ ለክረምት ተከላ የታሰበ ማመልከቻ በግንቦት ቢገባ ለዚያው ክረምት አይደርስም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ የብር ምንዛሬ በገበያ ስለሚወሰን የታንከርና የቧንቧ ዋጋ ቶሎ ይለዋወጣል፤ ፕሮፎርማዎቹ ማመልከቻው በሚገባበት ሳምንት መታደስ አለባቸው።