ከንብ አርቢዎች ውይይት የተገኘ ዕውቀት

በአገራችን «ሙያ በልብ ነው» ይባላል። አባባሉ ለጉረኛ ጥሩ ምክር ነው። ዕውቀትን ለመደበቅ ግን ሰበብ ሊሆን አይገባም። አንድ ንብ አርቢ ቀፎውን በምን እንደሚያጥን፣ ንቡ መቼ እንደሚኮበልል፣ የትኛውን አበባ እንደሚቀስም ያውቃል። ይህን ለማንም ሳይነግር ቢሞት ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል። ቢናገር ግን ትክክሉ ለሌላው ይተርፋል፤ ስሕተቱም ይታረማል። እስቲ ይህን በምሳሌ እንመልከት።

በስዊዘርላንድ አገር ፍራንሷ ሁበር የሚባል ዓይነ ስውር ሰው ነበር። ታዲያ ዓይነ ስውር እንዴት አድርጎ ንብን ይመረምራል? ቡርነንስ የሚባል አገልጋይ ነበረው። ሁበር ይጠይቃል፤ ቡርነንስ ቀፎውን ከፍቶ ያያል፤ ያየውንም ይነግረዋል። ሁበር ሰምቶ ሌላ ጥያቄ ያነሳል። እንዲህ እየተነጋገሩ ስለ አውራዋ ንብ ብዙ ነገር ደረሱበት። እኛ «አውራ» የምንላት ንብ ወንድ አይደለችም፤ እንቁላል የምትጥለው እናት ናት። ከወንዱ ጋር የምትገናኘውም በቀፎ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ በርራ ነው። ይህ ዕውቀት እ.ኤ.አ. በ1792 በመጽሐፍ ታተመ። ጌታው ያለ አገልጋዩ ዓይን፣ አገልጋዩም ያለ ጌታው ጥያቄ እዚህ ባልደረሱም ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ብዙ ሰው የተካፈለበት ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 በጀርመን አገር የንብ አርቢዎች ጋዜጣ መታተም ጀመረ። በጋዜጣው ላይ ከሚጽፉት መካከል ብዙዎቹ መተዳደሪያቸው ሌላ ነው፤ ንብ የሚያረቡት በትርፍ ጊዜያቸው፣ ስለሚወዱት ነው። ከእነሱ አንዱ ዮሐን ጂየርዞን የሚባል ካህን ነበር። አገሩ ሲሌዥያ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ይገኛል። ይህ ካህን «ድንጉላ ንብ አባት የለውም፤ የወንድ ዘር ካልነካው እንቁላል ይፈለፈላል» ብሎ ጻፈ።

ብዙዎች «ይህማ ሊሆን አይችልም» አሉ። ነገር ግን ተሰዳድበው አልተለያዩም። አንዱ ይጽፋል፤ ሌላው በራሱ ቀፎ ሞክሮ መልስ ይሰጣል። ከ1850 ጀምሮም ከተማ እየለዋወጡ ተሰብስበው ይወያዩ ነበር። ኋላ ቢጫውን የጣሊያን ንብ ከጥቁሩ የጀርመን ንብ ጋር አዳቀሉ። የቢጫዋ አውራ ሠራተኛ ልጆች ቅልቅል መልክ ሲያወጡ፣ ድንጉላዎቹ ልጆቿ እናታቸውን ብቻ መሰሉ። በ1855 ደግሞ ሲቦልት የተባለ ሊቅ ወደ አንድ ንብ አርቢ ዘንድ ሄዶ እንቁላሎቹን በማይክሮስኮፕ፣ ማለት አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ፣ መረመረ። ሠራተኛ ንብ በሚሆነው እንቁላል ውስጥ የወንድ ዘር አገኘ፤ ድንጉላ በሚሆነው ውስጥ ግን አላገኘም። ካህኑ የተናገረው እውነት ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ውይይት ሰፊ መሆን አለበት። ካህኑ ሐሳቡን አመጣ፤ አርቢዎቹ ሞከሩት፤ ሊቁ በመሣሪያው አረጋገጠው። አንዱ ብቻውን ቢሆን ክርክሩ እልባት ባላገኘ ነበር።

እኛም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነው። ስለ ንብ የሚያገባው ባለ ቀፎው ብቻ አይደለም። ጎረቤቱ አበባ ላይ ባለ ሰብል ጠዋት ፀረ ተባይ መድኃኒት ቢረጭ፣ ሊቀስሙ የወጡት ንቦች ያልቃሉ። ንብ ካለቀ ማሩ ብቻ አይደለም የሚቀረው። ኑጉና ባቄላውም ንብ ካልጎበኘው ፍሬው ይቀንሳል። ስለዚህ የሚረጨው ሰው ቀኑን አስቀድሞ ይንገር፤ ንቡ ወደ ቀፎው ከገባ በኋላ ሲመሽ ይርጭ። ባለ ቀፎውም ንቡ የት እንደሚቀስም ይናገር። ይህን የሚያስማማቸው ተቀምጦ መነጋገር ነው። ጠጅ የምትጥለዋም፣ ቀፎ የሚሠራውም፣ ከብት ሲጠብቅ ንብ ያየው ልጅም የሚያውቁት አለና ይጠየቁ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሁበር ዓይነ ስውር ሆኖ ሳለ ንብን ሊመረምር የቻለው እንዴት ነው?
2. ንብ አርቢዎቹ ባይስማሙም እውነቱን ያገኙት በምን መንገድ ነው?
3. በመንደራችሁ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው፣ ለሌላው ቢነገር የሚጠቅም ምን ሙያ አለ?