ከአረብ አገር ወደ ሮቢት የሚደወል ስልክ

ከደብረ ሲና ወደ ይፋት ቆላ ሲወረድ የመስመር ስልኩ መነሻ ቁጥርም ይለወጣል። ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ ጋር 011ን ስትጋራ ሸዋ ሮቢት የደሴን 033 ይዛለች። ዛሬ ብዙ እናቶች በናፍቆት የሚጠብቁት ግን በ966 ወይም በ971 የሚጀምር ጥሪ ነው። ከይፋት ከተሞችና ገጠሮች ለቤት ሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ኤምሬትስ የሄዱ ሴቶች ልጆች ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ያለው ዋናው ድልድይ ስልክ ነው።

መደበኛው የውጭ ጥሪ የሚወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅቱ ከጅዳ ስትደውል የዚያው አገር ኩባንያ ጥሪውን እዚህ ላደረሰለት ኩባንያ በየደቂቃው በውጭ ምንዛሪ ይከፍላል። ያንን ሒሳብ በመጨረሻ የምትሸፍነው ደዋይዋ ናት። ከዚህ ክፍያ ለማምለጥ የመጣው ሲም ቦክስ የሚባለው ሳጥን ነው። በውስጡ በርካታ ሲም ካርዶች ተደርድረው በኢንተርኔት የመጣውን የውጭ ጥሪ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ አድርገው ያስተላልፋሉ። ጥሪው ከጅዳ ሆኖ ሳለ በእናት ስልክ ላይ በ09 የሚጀምር እንግዳ ቁጥር የሚታየው ለዚህ ነው፤ መልሰው ቢደውሉበት ልጅቱን አያገኟትም። ሥራው በሕግ የተከለከለ ነው።

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። በእሱ ድምፅ ማስተላለፍ ግን በ1994 በወጣው አዋጅ ቁጥር 281 ተከልክሎ ነበር። ዛሬ በየሻይ ቤቱ ኢሞ የተባለውን መተግበሪያ ከፍቶ ከሪያድ ጋር ለሚያወራ ወጣት ይህ ተረት ይመስለዋል። በወዲያኛው በኩልም መሰናክል ነበር፤ ሳዑዲ ዓረቢያ የኢንተርኔት ጥሪን የፈቀደችው በመስከረም 2010 ነው። ኤምሬትስ ውስጥ የዋትሳፕ ጥሪ ስለሚዘጋ ብዙዎች ቦቲም የተባለውን መተግበሪያ ይጠቀማሉ።

የዳታውን ስሌት እንየው። የድምፅ ጥሪ በደቂቃ ከአንድ ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። የቪዲዮ ጥሪ የዚያን ብዙ እጥፍ ይበላል። ኮከብ 999 መሰላል ብሎ ትንሽ ፓኬጅ የገዛ ሰው በድምፅ ብቻ ቢያወራ ረጅም ሰዓት ይበቃዋል፤ ምስል ሲከፈት ፓኬጁ ሳይታሰብ ያልቃል። ግን የትኛዋ እናት ናት የልጇን ፊት ሳታይ ስልኩን የምትዘጋው? «ከስተሻል ልጄ» ለማለት ማየት ያስፈልጋል። ኔትወርኩ ሲደክም ደግሞ ፊቷ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ይቀራል፣ ድምፁ ብቻ ይመጣል። «እማዬ፣ ይሰማል?» «ይሰማል፤ ምስልሽ ነው የቆመው።» እንዲህ ሲሆን ምስሉን አጥፍቶ በድምፅ መቀጠል ይሻላል፤ ጥራቱም ይስተካከላል፣ ሜጋባይቱም ይተርፋል።

በነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም ታሪፉን በብዙ ሲቀንስ፣ በ2015 ደግሞ ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር የዳታ ዋጋ ከድሮው የቀለለ ሆኗል። ያም ሆኖ በቀን ሥራ ለሚተዳደር የቆላ ቤተሰብ አንድ ስማርት ስልክ መግዛት ከፓኬጁ ይልቅ ይከብዳል፤ ብዙ ጊዜ ቀፎውን ልካ የምታስታጥቀው ያቺው አረብ አገር ያለችው ልጅ ናት። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ ወጪው የወደቀው በእሷ ላይ ነበር። መደበኛው ስልክ በሠራበት ቦታ ሁሉ ጥሪው ወደ ውድ ዋጋው ተመልሷል፤ ከቤት ሠራተኛ ደመወዝ ላይ በደቂቃ እየተቆጠረ። ኢንተርኔት መዝጋት ያለውን ዋጋ የሚያሰሉ ሰዎች ይህን መቁጠር አለባቸው።

ማሾና ሽንኩርት የሚያመርተው የይፋት ቆላ ገበሬም ያው ስልክ ያስፈልገዋል። ሽንኩርት ቆይቶ የሚሸጥ ነገር አይደለም፤ የአዲስ አበባን ዋጋ ከዘመድ ሳይጠይቅ ደላላ ፊት የቆመ ሰው የተባለውን ይቀበላል። ለዚህ ዳታ አያስፈልግም፤ የአንድ ደቂቃ የአገር ውስጥ ጥሪ ይበቃል። በ2006 ለገበሬዎች የተከፈተው 8028 የስልክ መስመርም ባለ በተን ቀፎ ይዞ በአማርኛ የግብርና ምክር በነጻ እንዲሰማበት የተዘጋጀ ነው።