ወረቀቱን የፈረመው እጅ

በቅኔ ቤት የዋለ ሰው የባዕድ አገር ግጥም ባነበበ ጊዜ፥ ሰሙ የትኛው ነው፥ ወርቁስ የትኛው ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኛም ልማዳችን ይኸው ስለ ሆነ፥ ዲለን ቶማስ የተባለውን የዌልስ ባለቅኔ አንዲት አጭር ግጥም ለተማሪዎቻችን ባስተማርን ቍጥር ይህንኑ እንጠይቃለን። የግጥሟ ስም «ወረቀቱን የፈረመው እጅ» ይባላል፤ ርዝመቷም ዐሥራ ስድስት መስመር ብቻ ነው። ሰሙ እጅ፥ ወርቁ ገዥ መሆኑን ተማሪው ወዲያው ያገኘዋል። ነገር ግን ባለቅኔው ሰሙን አቅልጦ ወርቁን አያወጣልንም። የእጁ ባለቤት ማን እንደ ሆነ፥ የትኛውን አገር እንደሚገዛ፥ ስለ ምንስ እንደ ፈረመ እስከ መጨረሻው አይነገረንም።

ዲለን ቶማስ በ1914 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሰውም ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነው) በስዋንሲ ከተማ ተወለደ። አባቱ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር ነበሩ። ግጥሟን በ1933 ሲጽፍ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም። በ1953 በኒው ዮርክ ከተማ ሲያርፍም ዕድሜው 39 ነበር።

ግጥሟ የምትነግረን ነገር ይህ ነው፤ አንድ እጅ አንድ ወረቀት ይፈርማል፤ ከዚያም ከተማ ይፈርሳል፥ አገር ይከፈላል፥ ሙታን ይበዛሉ። ጣቶቹ ራሳቸው እንደ ነገሥታት ተቈጥረዋል። ነገር ግን በሁለተኛው አንጓ ባለቅኔው ክንዱን ተከትሎ ወደ ላይ ቢሄድ የሚያገኘው የጎበጠ ትከሻ ነው፤ የጣቶቹም መገጣጠሚያ በጠመኔ ደርቋል። ይህን ቃል ስናነብ እኛ መምህራን የራሳችንን ጣት መመልከታችን አልቀረም። ዳሩ ግን የተባለው የሰሌዳው ጠመኔ ሳይሆን በሪህ ሕመም በመገጣጠሚያ ላይ የሚጋገረው ጠመኔ መሳይ ነገር ይመስለናል። እንግዲህ ያ ከተማ ያፈረሰ እጅ ማለዳ ሲነሣ የገዛ ልብሱን ቍልፍ መቈለፍ የሚያቅተው እጅ ነው። ባለቅኔው ኀይለኛውን አልተሳደበም፤ ሕመሙን አሳየን እንጂ። ከስድብም ይህ ይበረታል።

ግጥሟ «ኒው ቨርስ» በተባለ የግጥም መጽሔት የታተመችው በዲሴምበር 1935 ነበር። በዚያው ወር፥ ኢጣልያ አገራችንን በወረረች በሦስተኛው ወር፥ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ፓሪስ ላይ ተገናኝተው የኢትዮጵያን ግዛት ሰፊ ክፍል ለወራሪው የሚሰጥ ስምምነት አዘጋጁ። ምስጢሩ በጋዜጣ በወጣ ጊዜ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቈጣ፤ ሆርም ሥልጣኑን ለቀቀ። ባለቅኔው ከሁለት ዓመት በፊት የጻፈውን ስለ እኛ ጻፈው አንልም። ሆኖም ኢትዮጵያዊ አንባቢ አገር ስለሚከፍል ጣት ሲያነብ ይህን ሳያስታውስ ሊያልፍ አይችልም። በካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ደም አይታይበትምና፥ ለሚያሰምረው ሰው ሥራው ቀላል ነው።

መጽሐፍ ቅዱስን ለሚያውቅ አንባቢ ግን ይህ እጅ እንግዳ አይደለም። በብልጣሶር ግብዣ ላይ አካሉ ያልታየ እጅ በግድግዳ ላይ ጻፈ፤ በዚያችም ሌሊት ንጉሡ ሞተ። ንጉሥ ዳዊትም ኦርዮን የሚያስገድለውን ደብዳቤ በገዛ እጁ ጽፎ፥ በራሱ በኦርዮ እጅ ወደ ኢዮአብ ላከው። ሟቹ የሞቱን ትእዛዝ ተሸክሞ ሲሄድ አንዲት ነገር አላወቀም። ወረቀት ለሚጽፈው ሰውና ለሚሞተው ሰው እኩል አይከብድም የምንለው ስለዚህ ነው።

ከባለቅኔው የምንለየው በመጨረሻው አንጓ ላይ ነው። በዚያ ገዥው ሙታኑን ይቈጥራል እንጂ ቍስላቸውን አያለሰልስም፥ ግንባራቸውንም አይዳስስም። ቀጥሎም ባለቅኔው ሰማይን የሚገዛውን እጅ ከዚህ እጅ ጎን አቁሞ፥ እጅ የዓይንን ሥራ ሊሠራ እንደማይችል በማመልከት ይጨርሳል። ይህን ያለው ከክሕደት ይሁን ከምሬት መፍረድ አይቻለንም። እኛ ግን ሰማይን የሚገዛው እጅ በችንካር እንደ ተወጋ፥ ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር ዘንድ እንዳለቀሰ ተምረናል። ዳዊትም ቢሆን በእጁ የጻፈውን በኋላ በዓይኑ አልቅሶበታል፤ ነገር ግን ለዚህ ናታንን የሚያህል ነቢይ ደፍሮ ፊቱ መቆም ነበረበት። በግጥሟ ውስጥ የጐደለው ናታን ይመስለናል። ለፈራሚው የሚነግረው ሰው የለም።

ባለፈው ዓመት ይህችን ግጥም በአንድ የማኅበር ዝክር ላይ ለቤተ ዘመድ በአማርኛ ተረክናት ነበር። ወጣቶቹ ስለ መንግሥታት ተከራከሩ፤ አንዱ ይህን ሌላው ያን ስም ጠራ። ልጃቸው ከዘመቻ ያልተመለሰላቸው አንዲት እናት ግን ጥግ ተቀምጠው ዝም ብለው ሲሰሙ ቈዩና፥ ጫጫታው ጋብ ሲል ወደ እኛ ዘወር አሉ።

«የኔታ፥ ያ የፈረመው ሰውዬ ጣቱን ያመዋል ነው ያሉኝ?»

አዎን፥ ያመዋል አልናቸው።

«እኔን!» አሉና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።