ብዙ ፎቶግራፎችን በጅምላ ስለ ማስተካከል

ዕቃውን በሩቅ አገር ላለ ገዢ የሚያቀርብ ነጋዴ ዋና ምስክሩ ፎቶግራፉ ነው፤ ገዢው ጨርቁን በእጁ ዳሶ፤ ቆዳውን አገላብጦ ለመመልከት አይችልምና። ይሁን እንጂ የዕቃው ዓይነት ሲበዛ ሥዕሎቹን አንድ ባንድ ማስተካከል ከባድ ሥራ ይሆናል። 600 ዓይነት ዕቃ ያለው መደብር ለያንዳንዱ ሥዕል 4 ደቂቃ ቢመድብ፤ ሥራው 40 ሰዓት ይፈጃል፤ ይህም በቀን 8 ሰዓት ሲታሰብ የ5 ቀን ሥራ ነው።

ይህን ድካም ለማቃለል ፎቶግራፎችን በጅምላ የሚያስተካክሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አሉ። ሠራተኛው ስለ ሥዕሉ መጠን፤ ስለ ብርሃኑና ስለ መለያ ቍጥሩ ትእዛዙን አንድ ጊዜ ከሰጠ፤ ፕሮግራሙ ያንኑ በቀሩት ሁሉ ላይ በየተራ ይፈጽማል። ከነዚህም መካከል አዶቢ የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ያወጣው ላይትሩም በክፍያ የሚገኝ ሲሆን፤ ከ1990 ጀምሮ ለሕዝብ የቀረበው ኢሜጅማጂክ ግን ለንግድ ሥራም ቢሆን ያለ ዋጋ ይገኛል።

ሆኖም ትእዛዙ ከተሳሳተ ስሕተቱ የሚደርሰው በ600ው ሁሉ ላይ ነው። በላይትሩም ዋናው ሥዕል ሳይነካ ይቆያል። በኢሜጅማጂክ ውስጥ ሞግሪፋይ የሚባለው ትእዛዝ ግን፤ ሌላ ማስቀመጫ ካልተነገረው በቀር፤ አዲሱን ሥዕል በዋናው ቦታ ይተካል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሥዕሎቹን ሁሉ ቅጂ በሌላ ዲስክ ማስቀመጥ፤ ትእዛዙንም አስቀድሞ በ5 ወይም በ6 ሥዕሎች ላይ መሞከር ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ቀለም ነው። በጥላ የተነሣ ፎቶግራፍ ወደ ሰማያዊ፤ በተራ አምፑል ብርሃን የተነሣ ወደ ቢጫ ያደላል። ሁለቱ በአንድ ትእዛዝ ቢታረሙ አንዱ ሲቃና ሌላው ይበላሻል። ስለዚህ ሥዕሎቹን በተነሡበት ብርሃን መለየት፤ በየክፍሉም መጀመሪያ ለዚሁ የተሠራ ግራጫ ካርድ ከዕቃው ጋር አንሥቶ ቀለሙን በዚያ ማረም ይገባል። ከዚያም በኋላ ከየክፍሉ ጥቂት ሥዕሎችን ከዕቃው ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማመሳከር ነው።

ቡናማ ጫማ በሥዕል ቀይ መስሎ ቢሸጥ ገዢው ዕቃውን ይመልሳል፤ የመመለሻውም የመጓጓዣ ወጪ ብዙ ጊዜ በሻጩ ላይ ይወድቃል። ከዚህም የሚከፋው ገዢው በሌሎቹ ሥዕሎች ላይ ያለው እምነት መጕደሉ ነው። ስለዚህ በጅምላ አሠራር ከተረፈው ጊዜ ግማሹን ቀን ለማመሳከሪያ መስጠት ለነጋዴው ኪሳራ አይሆንም።