ከደጋ ወደ ባሮ ዳር፦ የቤተሰብ ጉዞ በአነስተኛ ወጪ

የቤተሰብ ጉዞ ሲባል ገንዘብ የተረፋቸው ሰዎች ጉዳይ አድርገው የሚቆጥሩ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ደመወዝ ከቤት ኪራይ፣ ከትምህርት ቤት ክፍያና ከአስቤዛ በማያልፍበት ቤት ይህ አስተሳሰብ ቢኖር አያስደንቅም። ነገር ግን ለጥቂት ወራት አስቀድሞ የታሰበበት ጉዞ ከአቅም በላይ አይሆንም። ዋናው ቁም ነገር የትኛው ወጪ እንደሚቀነስና የትኛው ፈጽሞ እንደማይነካ ለይቶ ማወቅ ነው።

ሀገራችን የባሕር ዳርቻ ባይኖራትም የጋምቤላ ከተማ የተቆረቆረችበት የባሮ ዳርቻ ለደጋ ልጅ ሌላ ዓለም ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ብቻ ስለምትገኝ ሙቀቷም፣ ማንጎዋም፣ የወንዟም ስፋት ከአዲስ አበባ ፈጽሞ የተለየ ነው። ልጆች ስለ ደጋና ቆላ በመጽሐፍ የተማሩትን በአንድ ጉዞ በዓይናቸው ያያሉ።

መቼና በየት?

በክረምት ባሮ ሞልቶ ሜዳውን ያጥለቀልቃል፤ መንገድም ይበላሻል። የካቲትና መጋቢት ደግሞ ሙቀቱ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የተማሪዎች የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት የሚውልበት የጥር ወር ለቤተሰብ የተሻለ ነው።

ከአዲስ አበባ በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አድርጎ ጋምቤላ ለመድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይኬዳል። ልጆች ይዞ በአንድ ቀን ለመጨረስ መጣደፍ አይገባም። በመጀመሪያው ቀን ጅማ ወይም በደሌ ማደር ይበጃል። ከበደሌ እስከ መቱ ያለው መንገድ በጫካ ቡና የታወቀውን የያዩን አካባቢ ያሳያል። ከጎሬ በኋላ በቡሬ በኩል ወደ ሜዳው ሲወረድ ልጆች ሹራባቸውን በየተራ ማውለቅ ይጀምራሉ። ከመነሳትዎ በፊት ግን በአካባቢው በተለያዩ ዓመታት ግጭት ደርሶ ያውቃልና የመንገዱን ሰላም በቅርብ ከተመላለሱ ሾፌሮችና በጋምቤላ ከሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ አጣርተው ይወስኑ።

በምን ይቆጠባል?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የሚተዋወቁ ሁለት ወይም ሦስት ቤተሰቦች የጉዞ ዕቁብ ቢጀምሩ ገንዘቡ ሳይሰማ ይጠራቀማል። ብዛታቸው ከበቃም አንድ ሚኒባስ በጋራ መከራየት ይችላሉ። የሚኒባሱን ኪራይ ከነነዳጁና ከሾፌሩ አበል ጋር ለሰው ብዛት አካፍለው ከአውቶቡስ ትኬት ጋር ያወዳድሩት። ርካሹ የትኛው እንደሆነ ስሌቱ ራሱ ይነግርዎታል።

ስንቅ ከቤት ይያዝ። ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽና ቆሎ በሙቀት ቶሎ አይበላሹም። ወጥና ሥጋ ግን ለቆላ መንገድ አይሆኑም። ጋምቤላ ሲደርሱ በደንብ የበሰለ የባሮ ዓሣ ይብሉ፤ ወቅቱ ከሆነም ማንጎ ከገበያ ገዝተው አጥበው ይላጡ። ገበያ ላይ ከተቀመጡት ሴቶች ሲገዙ ገንዘብዎ በቀጥታ ለሌላ እናት ጓዳ ይደርሳል። የመመለሻው ትራንስፖርት ገንዘብ ከመነሳትዎ በፊት ለብቻው ተቋጥሮ ይቀመጥ፤ ምንም ቢያምርዎት አይነካ።

የማይቆጠብበት

ጋምቤላ የወባ አገር ነው። በደጋ የሚኖር ሰው፣ በተለይም ሕፃን፣ በሽታውን ተላምዶ ስለማያውቅ ሲይዘው ይበረታበታል። ነፍሰ ጡር የሆነች እናትና ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ለሌላ ጊዜ ቢቆዩ ይመረጣል። ለሌሎቹ አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ስለ መከላከያ መድኃኒት መጠየቅ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ከጉዞው በፊት ተጀምሮ ከተመለሱም በኋላ የሚቀጥል ስለሆነ በመንገድ ላይ የሚታሰብ አይደለም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህ ነው።

በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ከነማሰሪያ ገመዱ ከቤት ይያዙ፤ የሚያርፉበት ክፍል ይኖረዋል ብለው አይተማመኑ። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና ፀሐይ ስትጠልቅ ልጆች እጅጌው ረዥም ልብስ ይልበሱ። የመጠጥ ውኃ የታሸገ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ሕፃን ቢያስቀምጠው ወዲያውኑ የሚበጠበጥ ኦ.አር.ኤስ. ከሻንጣ አይጥፋ።

ባሮ ውብ ነው፤ አዞም አለበት። የአካባቢው ሰው ሲታጠብ አይተው ልጅዎን አይልቀቁ፤ እሱ ቦታውን ያውቃል፣ የእርስዎ ልጅ አያውቅም። ወንዙን ከድልድዩ ላይ ሆኖ ማየት ለሁሉም ይበቃል።

ለልጆች የሚነገር

ድልድዩ ላይ ቆመው ለልጆችዎ ይህን ይንገሯቸው። ባሮ ወደ ሶባት፣ ሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር ባደረጉት ውል ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሆነች። ወንዙ በሚሞላበት ወራት የእንፋሎት መርከቦች እስከዚያ እየመጡ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ወደ ካርቱም ያጓጉዙ ነበር። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ነው።

አኙዋ፣ ኑዌር፣ ማጃንግ፣ ኦፖና ኮሞ የክልሉ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ልጆች ሰውን በጣት እንዳያሳዩ፣ ሳያስፈቅዱም ፎቶግራፍ እንዳያነሱ ይምከሯቸው። በየቋንቋው ሰላምታ መማር ከማንኛውም ስጦታ ይበልጣል።

እናትም ተጓዥ ናት

በብዙ ቤት ጉዞ ማለት የእናትን ጓዳ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ማዛወር ነው። አባት ያያል፣ ልጆች ይጫወታሉ፣ እናት ታበስላለች። ይህ ዕረፍት አይደለም። ከመነሳታችሁ በፊት ሥራ ይከፋፈል፤ ውኃውን ማፍላት የአባት፣ አጎበር መዘርጋት የትልልቆቹ ልጆች ይሁን። ከወጪው ዝርዝር ቀጥሎ ይህም በወረቀት ላይ ይጻፍ።

ቤት ከተመለሱ በኋላ ጉዞው ገና አላለቀም። በተከታዮቹ ሳምንታት ከቤተሰቡ አንዱን ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ቢይዘው «ጉንፋን ነው» ብለው አይጠብቁ። በዕለቱ ጤና ጣቢያ ወስደው «ጋምቤላ ነበርን» ይበሉ። ይህች አንዲት ቃል ለሐኪሙ የደም ምርመራውን መንገድ ትጠቁመዋለች፤ የልጅዎንም ሕይወት ልታተርፍ ትችላለች።