«በራ»፣ «ተነሣ»፣ «ተከፈተ»፦ ስለ ኮምፒዩተር ብልሽት መግለጫዎች አተረጓጐም

ላፕቶፕ የተባለው ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር እክል ሲገጥመው ባለንብረቱ ለጠጋኙ የሚያቀርበው አቤቱታ ብዙውን ጊዜ «አልሠራ አለኝ» የሚል ብቻ ነው። ከባለንብረቱ ይህን መስማት አያስደንቅም። በመመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ግን «አይሠራም» የሚለው ቃል ባይገባ እንመርጣለን፤ መሣሪያው ከየትኛው ደረጃ ላይ እንደ ቆመ ይሰውራልና።

በእንግሊዝኛ ለዚህ ተግባር የሚነገረው «ቡት» የተባለው ቃል «ቡትስትራፕ» ከሚለው ያጠረ ነው። ቡትስትራፕ ቡት ጫማን ስቦ ለማጥለቅ እንዲያመች ከጫማው አፍ ላይ የሚሰፋ ማንገቻ ነው። የገዛ ጫማውን ማንገቻ ስቦ ራሱን ከመሬት ስላነሣ ሰው የሚነገር ምፀት ስላለ፣ ትንሹ ፕሮግራም ትልቁን እየጫነ ኮምፒዩተሩን የሚያስነሣበት አሠራር በዚሁ ተሰየመ። እኛ ጫማውን ወደ አማርኛ ማምጣት አያሻንም። ሾፌሮቻችን «ሞተሩ አልነሣ አለ» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ግሡም ከግዕዙ «ተንሥአ» ጋር አንድ ሥር ያለው፣ ለእርባታም የተመቸ ነው። ድርጊቱን «ማስነሣት»፣ ሂደቱን «አነሣሥ»፣ ሥርዓተ ክወናውን የያዘውን ዲስክ «አስነሺ ዲስክ» ልንል እንችላለን።

ይሁን እንጂ «ተነሣ» ብቻውን አይበቃም። ቁልፉ ተጭኖ አንዳች መብራት ካልታየ፣ ማራገቢያውም ካልዞረ ላፕቶፑ አልበራም፤ ጥርጣሬው በባትሪው፣ በቻርጀሩ ወይም በዋናው ሰሌዳ ላይ ያርፋል። መብራቱ ታይቶ ሥርዓተ ክወናው ካልመጣ በርቷል፣ ግን አልተነሣም። የይለፍ ቃል እስከ መጠየቅ ደርሶ ከዚያ ወዲያ ካልቀጠለ ደግሞ ተነሥቷል፣ ግን አልተከፈተም። (እዚህ ላይ «በራ» የምንለው መሣሪያውን እንጂ ስክሪኑን አይደለም፤ ስክሪኑ ጨልሞ ኮምፒዩተሩ በደኅና የተነሣበት ጊዜ አለ።) ሦስቱም ግሦች በሕዝቡ አፍ ያሉ ናቸው፤ በእርግጥ ሕዝቡ እያቀላቀለ ይናገራቸዋል። መለየቱ የተርጓሚው ድርሻ ነው።

ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አለመሆኑን አንድ ምሳሌ ያሳያል። በስክሪን ላይ የሚነበበው «ኖ ቡተብል ዲቫይስ» የተባለው መልእክት «ዲስኩ ተበላሽቷል» ተብሎ ቢተረጐም አንባቢው ተስፋ ቆርጦ ዲስኩ ፎርማት እንዲደረግ ይስማማል፤ የብዙ ዓመት ጽሑፉም ይደመሰሳል። መልእክቱ የሚለው ግን «አስነሺ ዲስክ አልተገኘም» ነው። ዲስኩ በእውነት ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የዲስኩ ማገናኛ ላልቶ፣ ወይም የማስነሻው ቅደም ተከተል ተለውጦ፣ ወይም ሥርዓተ ክወና የሌለው ፍላሽ ተሰክቶ ቀርቶ ሊሆንም ይችላል። በመጨረሻው ሁኔታ ፍላሹን ነቅሎ እንደገና ማስነሣት ሊበቃ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋን «አጠፋ» ነው። አማርኛ መብራትንም፣ ጽሑፍንም፣ ገንዘብንም በዚሁ ግስ ያጠፋል። «በመጀመሪያ ዲስኩን አጥፉ» የሚል ዐረፍተ ነገር ያነበበ ሰው ኃይል ያቋርጥ ወይስ ፋይሎቹን ይፋቅ? ስለዚህ በእነዚህ መመሪያዎች ውስጥ «ማጥፋት» ኃይልን ለማቋረጥ ብቻ እንዲውል፣ የፋይል መጥፋት ግን ምንጊዜም «መደምሰስ» እንዲባል እናሳስባለን። «ፎርማት ማድረግ» እንዳለ ሊቆይ ይችላል፤ ቃሉ በቀረበበት ስፍራ ሁሉ ግን «በዲስኩ ላይ ያለውን ይደመስሳል» የሚል መግለጫ አብሮት ይጻፍ።